በሎጊያ አፍንጫ በምን ይፈተን?

እ.ኤ.አ. በ1984 ሪቻርድ ዶቲና ባልደረቦቹ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ያወጡት የማሽተት ፈተና 40 ሽታዎች አሉት። ተፈታኙ ወረቀቱን ፍቆ ያሸትና ከአራት አማራጮች አንዱን ይመርጣል፤ ምንም የማይሸተው ሰው እንኳ በግምት 10 ያህሉን ያገኛል። ከሽታዎቹ መካከል ቤንዚንና ጭስ አሉ፤ አፋር ክልል ባለችው ሎጊያ ከጅቡቲ መንገድ ወርዶ መኪናውን ያቆመ ሹፌር እነዚህን አይስትም። ሩት ቢር ለሚባለው የአሜሪካ ለስላሳ ግን ምን መልስ ይሰጣል? ቢሳሳት የደከመው አፍንጫው ነው ማለት አይቻልም፤ ሽታውን ከዚያ በፊት አያውቀውም። ስህተቱ ቀላል አይደለም፤ የማሽተት መድከም ፓርኪንሰን የተባለው በሽታ እጅ ከማንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት ሊታይ ስለሚችል፣ ጤነኛውን በከንቱ ማስደንገጥ ወይም የታመመውን ማሳለፍ ያመጣል። ጃፓኖች ይህን አይተው በራሳቸው ፈተና ውስጥ ሂኖኪ የተባለውን የአገራቸውን ጥድ አስገብተዋል።

«እንዲህ ከሆነ ውጤቱ ከአገር አገር አይወዳደርም» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት አለው፤ ነገር ግን ለዚያ ሌላ መለኪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የጀርመኖቹ ባለ እስክሪብቶ ፈተና ከመለየት በተጨማሪ ቡታኖል የተባለውን አልኮል በየደረጃው እያቀጠነ፣ አፍንጫ ከየት ጀምሮ እንደሚሰማው ይለካል። እዚህ ስም ማወቅ አያስፈልግም። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው፦ የኢትዮጵያ ሽታ የማን ነው? ጤና አዳምና ኮሰረት ደጋ ላደገ ሰው የእናት ጓዳ ናቸው፤ ለአፋር አርብቶ አደር ግን በእንጨት ጭስ የታጠነ የወተት ዕቃ ይቀርበዋል። ሎጊያ ሁለቱም የሚገናኙበት ከተማ ስለሆነ፣ ሁለቱም የሚያውቋቸውን ቡናን፣ ዕጣንንና ናፍጣን መምረጥ ይሻላል።

በርበሬ ግን ከዝርዝሩ ይውጣ ባይ ነኝ። የሚያስነጥሰው የፊት ቆዳን ስሜት በሚያደርሰው ሌላ ነርቭ በኩል ስለሆነ፣ ማሽተት የጠፋበትም ሰው ሳይሳሳት ያውቀዋል። ለፈተናው የሚቀርበው የቡና ብልቃጥም ከተፈታኝ ተፈታኝ እኩል እንዲሸት፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር በየቀኑ ከፍሪጅ ወጥቶ መመለስ፣ ብዙ ጊዜም መለወጥ ይኖርበታል።