ልጃችሁ ከጥርስ ሐኪም ሲመለስ



የጥርስ ሐኪሙ ሥራውን ፈጽሞ ልጃችሁን ሲያሰናብት፣ የቀረው ኃላፊነት የእናንተ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች የምታደርጉት ጥንቃቄ ልጁን ከመድማት፣ ከማመርቀዝና ከአላስፈላጊ ሥቃይ ይጠብቀዋል።

በእስራኤል የልጆች ጥርስ ሕክምና በመንግሥት የጤና መድን ውስጥ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን፣ መጀመሪያ የታቀፉት እስከ 8 ዓመት ያሉ ሕፃናት ነበሩ። አገልግሎቱ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሄዶ ከ2019 ጀምሮ እስከ 18 ዓመት ያሉትን ያጠቃልላል። ስለዚህ በክላሊት፣ በመካቢ፣ በመኡሔዴት ወይም በሌኡሚት ኩፓት ሖሊም የተመዘገበ ልጅ መብት አለውና ወጪን በመፍራት ሕክምናውን አታዘግዩ።

ከክሊኒኩ ሳትወጡ

ሐኪምን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ምን ዓይነት ሕክምና እንደተደረገ፣ ልጁ መቼ መብላት እንደሚችል፣ የትኛው መድኃኒት በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሚሰጠው ጠይቁ፤ መመሪያውንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ዕብራይስጥ ካልገባችሁ አስተርጓሚ እንዲቀርብላችሁ አመልክቱ። ልጆች ቋንቋውን ፈጥነው ስለሚለምዱ ለወላጆቻቸው ያስተረጉማሉ፤ ነገር ግን የመድኃኒትን መጠን የሚያህል ነገር በሕፃን አንደበት ላይ መጣል አይገባም።

ማደንዘዣው እስኪለቅ

የልጁ ከንፈር፣ ጉንጭና ምላስ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ያህል ደንዝዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ሕመም ስለማይሰማው ከንፈሩን እያኘከ ሊያቆስለው፣ በትኩስ ሻይም ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ድንዛዜው እስኪለቀው ድረስ የሚታኘክም ሆነ ትኩስ ነገር አትስጡት፤ ከአጠገቡም አትራቁ።

በሚያስተኛ መድኃኒት የታከመ ልጅ ደግሞ ለብዙ ሰዓታት ሊፈዝና ሊንገዳገድ ይችላል። ሐይፋ በቀርሜሎስ ተራራ ገደል ላይ የተሠራች፣ ደረጃዎቿ የበዙ ከተማ ናትና ልጁ ብቻውን ደረጃ እንዲወጣም ሆነ እንዲወርድ አትፍቀዱ። በመኪና ስትመለሱ አንገቱ ወደ ፊት ተደፍቶ ትንፋሹ እንዳይታፈን አንድ ሰው ከጎኑ ተቀምጦ ይጠብቀው።

ጥርስ ከተነቀለ

ሐኪሙ በቁስሉ ላይ ያኖረውን ጎዝ ልጁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነክሶ ይያዘው። በመጀመሪያው ቀን ምራቁ ጥቂት ቢቀላ አትደንግጡ። መድማቱ ከቀጠለ ልጁን አስቀምጣችሁ፣ ሌላ ንጹሕ ጎዝ አጥፋችሁ ለ30 ደቂቃ አጥብቆ እንዲነክስ አድርጉ። በጉድጓዱ ውስጥ የረጋው ደም ለቁስሉ እንደ ክዳን ነው። ደጋግሞ መትፋት፣ መጉመጥመጥ ወይም መጠጥን በቀሰም መምጠጥ ይህን ክዳን ስለሚነቅለው፣ ለ24 ሰዓት ልጁን ከዚህ ከልክሉት። በማግስቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ሟሙቶ ቀስ ብሎ ይጉመጥመጥ፤ ይህም ውኃውን ሳይውጥ መትፋት ለሚችል ልጅ ነው።

ምግቡ ለስላሳና የቀዘቀዘ ይሁን፤ እርጎ፣ ለብ ያለ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች ወይም በርበሬ የሌለው ሽሮ ይስማማዋል። በርበሬ፣ ቆሎ፣ ሱፍና ደረቅ ዳቦ ለጥቂት ቀናት ይቅሩ።

መድኃኒት

ሕመም ከተሰማው ሐኪሙ ያዘዘውን፣ ለምሳሌ አካሞል፣ በልጁ ክብደት ልክ ስጡት። መጠኑን ለመለካት የወጥ ማንኪያ ሳይሆን ከመድኃኒቱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ ተጠቀሙ። አስፒሪን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አይሰጥም። አስፒሪንን፣ አረቄን፣ ነጭ ሽንኩርትን ወይም ጤና አዳምን በቁስሉ ላይ ማድረግም ድዱን ያቃጥላል፣ መዳኑንም ያዘገያል። ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከታዘዘ፣ ልጁ የዳነ ቢመስልም ሐኪሙ እስከ ወሰነው ቀን ድረስ ይቀጥል።

ሳይዘገዩ ሐኪም መጥራት

ደሙ ጎዙን ሁለት ጊዜ ከነከሰ በኋላም አልቆም ካለ፣ የፊቱ እብጠት ከጨመረ፣ ትኩሳቱ ከ38 ዲግሪ ካለፈ፣ ወይም ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከበረታ በዚያው ቀን ክሊኒኩን አነጋግሩ። ልጁ ለመተንፈስ ወይም ለመዋጥ ከተቸገረ፣ ወይም አልነቃ ካለ ወዲያውኑ በ101 ወደ ማጌን ዳዊድ አዶም ደውሉ። ዕለቱ ሰንበት ቢሆንም ነፍስን ማዳን ሰንበትን ይሽራልና አታመንቱ።

የወተት ጥርስም ጥርስ ነው

«ለሚወልቅ ጥርስ ምን አስጨነቀን» የሚሉ አሉ። የወተት ጥርስ ግን ለቋሚው ጥርስ ቦታ ይጠብቃል፤ ያለ ጊዜው ከተነቀለ የቀሩት ወደ ክፍተቱ ዘንበል ብለው መንገዱን ይዘጋሉ። በአገር ቤት ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን «ግግ» እየተባለ ድዱ ሲቆረጥ የሚወጣው ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ድርጊቱ ተቅማጡን አያድንም፣ ሕፃኑን ግን ለመድማትና ለመመረዝ ያጋልጠዋል።

ከተነቀለው ቦታ በስተቀር ሌሎቹን ጥርሶች በዚያው ምሽት በለስላሳ ብሩሽ አጽዱለት። ከዚያም በኋላ ጠዋትና ማታ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ጥርሱን መቦረሽ ልማዱ ይሁን፤ የቀጠሮውንም ቀን አታሳልፉ።