ስደተኛው ሯጭ በማን ስም ይሮጣል?

ሀዋታ በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት በራሃድ ወንዝ ዳር ያለች፣ የባቡር ሐዲድ የሚያልፍባት የእርሻ ከተማ ናት። ራሃድ የሚወርደው ከእኛ ደጋ ነው። ሰሊጥና ማሽላ ሲደርስ ጉልበቱን ይዞ በመተማ በኩል ወደዚያ አገር ሲሻገር የኖረው ብዙ ነው፤ ስደተኛም ለዓመታት በዚያው አቅጣጫ ሲጎርፍ ኖሯል። በዚሁ ግዛት ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ረሀብ ጊዜ ስደተኞችን አስጠልሎ ነበር። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ለሸሹት እንደገና ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ቱናይድባ የሚባል መጠለያ ተጨመረ።

በዚህ አካባቢ ከእኩዮቹ ሁሉ ቀድሞ የሚሮጥ ስደተኛ ልጅ ቢገኝ ወደ ውድድር የሚያደርሰው መንገድ አለ። የስደተኞች ኦሊምፒክ ቡድን ይባላል። ቡድኑን ብዙ ሰው በመክፈቻ ሥነ ሥርዓት ላይ ከነጩ የኦሊምፒክ ባንዲራ ጋር ሲያልፍ አይቶታል። እዚያ የሚደረስበትን አሠራር የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው፤ የልጁ ዕጣ የሚወሰነውም በአሠራሩ ነው።

ተሰጥኦ ያለው ልጅ በገንዘብ እጥረት የሚቀረው በድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ጎበዝ የቤዝቦል ተጫዋች ልጅ ያላቸው ወላጆች ቅዳሜና እሑድ ከከተማ ከተማ ለሚዞር ቡድን መዋጮ ይከፍላሉ፤ ሆቴሉም ነዳጁም የራሳቸው ነው። መልማዮች ልጆቹን የሚያዩት እዚያ ስለሆነ መቅረት ከባድ ነው። በዋናው የቤዝቦል ሊግ የጥቁር አሜሪካውያን ድርሻ እ.ኤ.አ. በ1991 18 በመቶ ነበር፤ በ2024 ወደ 6 በመቶ ወርዷል። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም የልጅነት ወጪው በተደጋጋሚ ይጠቀሳል። የስደተኛው ልጅ ችግር ከዚህ አንድ እርምጃ ቀድሞ ይጀምራል። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ የሚያስመዘግበው አገር የለውም።

ዮናስ ክንዴ ይህ ደርሶበታል። ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ እ.ኤ.አ. በ2012 ሉክሰምበርግ ገብቶ ታክሲ እየነዳ ልምምዱን ቀጠለ። እዚያና በጎረቤት አገሮች ውድድሮችን ቢያሸንፍም፣ ዜግነቱን ስላላገኘ ለኦሊምፒክ የሚያስመዘግበው ብሔራዊ ቡድን አልነበረም። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያውን የስደተኞች ቡድን በ2016 ሪዮ ላይ ሲያቋቁም ከተመረጡት 10 ስፖርተኞች አንዱ እሱ ሆነ። በ36 ዓመቱ ማራቶኑን በ2:24:08 ጨረሰ። ለአንድ ሯጭ 36 ዓመት የማምሻ ዕድሜ ነው፤ ያለፉትን ዓመታት ሳስብ ቁጭት ይሰማኛል።

ቡድኑ ከዚያ ወዲህ አድጓል። ቶኪዮ 29፣ ፓሪስ 2024 ደግሞ በ12 የስፖርት ዓይነቶች 37 ስፖርተኞች አሰልፏል። ካሜሩን ተወልዳ እንግሊዝ የምትኖረው ሲንዲ ንጋምባ በቦክስ ነሐስ አግኝታ ለቡድኑ የመጀመሪያውን ሜዳሊያ አስገኝታለች። የዓለም አትሌቲክስም ከ2017 የለንደን ሻምፒዮና ጀምሮ የራሱ የስደተኞች ቡድን አለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስፖርተኛው በመጀመሪያ በሕግ ስደተኛ ተብሎ መታወቅ አለበት። ቀጥሎ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ይቀርባል፤ የልምምድና የጉዞ ወጪ የሚሸፈነው በዚህ ገንዘብ ነው። ቡድኑ የሚመረጠው በዋናነት ከስኮላርሺፕ ተጠቃሚዎቹ መካከል ነው። ቁልፉ ያለው ማመልከቻው ላይ ነው፦ የሚያቀርበው ያስጠለለው አገር ኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው። ልጁ፣ አሠልጣኙ ወይም የመጠለያው መምህር በራሳቸው ሊያመለክቱ አይችሉም።

ኬንያ ይህን በር ከፍታዋለች። የማራቶን ክብረ ወሰን ባለቤት የነበረችው ቴግላ ሎሩፔ ያቋቋመችው ድርጅት ካኩማ መጠለያ ገብቶ የማጣሪያ ሩጫ አዘጋጀ። ሮዝ ናቲኬ ሎኮንየን የተባለች ደቡብ ሱዳናዊት፣ መምህሯ ሞክሪ ስላላት፣ በባዶ እግሯ 10 ኪሎ ሜትር ሮጣ ሁለተኛ ወጣች። ከዚያ ናይሮቢ አጠገብ ወዳለው የንጎንግ ካምፕ ተወስዳ ጫማም አሠልጣኝም አገኘች። ሪዮ ላይ 800 ሜትር ሮጣለች፤ የቡድኑን ባንዲራ የያዘችውም እሷ ነበረች። ከ10ሩ የሪዮ ስፖርተኞች አምስቱ ከካኩማ የወጡ ደቡብ ሱዳናውያን ነበሩ። ካኩማ ከሌላው መጠለያ የተለየ የሯጭ ዘር የለውም፤ ሰዓት ይዞ የመጣ ሰው ግን አግኝቷል።

በፓሪሱ ጊዜ 37ቱን ያስጠለሉት አገሮች 15 ነበሩ። ከአፍሪካ ኬንያ ብቻ ናት። ሱዳን የለችበትም፤ ኢትዮጵያም የለችበትም።

ታዲያ በሱዳን በኩል ያለፉትስ? ታክሎዊኒ ገብረየሱስ በ12 ዓመቱ ከኤርትራ ወጥቶ በኢትዮጵያና በሱዳን አድርጎ፣ ሲናን አቋርጦ እስራኤል ገባ። መሮጥ የተማረው እዚያ በወጣቶች መንደር ነው። ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን 16ኛ ሆኖ ጨርሷል። ኢትዮጵያዊቷ ፋሪዳ አባሮጌ ሱዳንን፣ ግብፅንና ሊቢያን አልፋ ፈረንሳይ ደረሰች፤ ፓሪስ ላይ 1500 ሜትር ሮጣለች። ስፖርተኛ ተብለው የተመዘገቡት ሁለቱም በረሃውን ከተሻገሩ በኋላ ነው። ለገዳሪፍ ልጅ የጉዞ ወጪ ሲባል የአውቶቡስና የሆቴል ብቻ አይደለም፤ ደላላውና ሊቢያም አሉበት።

ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል የመዘዋወር ነፃነትን የሚመለከተውን አንቀጽ 26 በተዐቅቦ ነው የተቀበለችው። ከመጠለያ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለክልል ውድድር ገዳሪፍ ከተማ መሄድም ፈቃድ ይጠይቃል። በክረምት ደግሞ የዚያ ሜዳ ጥቁር መረሬ መኪናውንም እግሩንም ይይዛል። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አገሩ ራሱ ጦርነት ውስጥ ስለሆነ ከሱዳን ኮሚቴ ዛሬ ብዙ መጠበቅ ይከብዳል።

ስለዚህ ዓይኔ ወደ እኛ ይመለሳል። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ሱዳናውያን በጋላባት ወደ መተማ እየተሻገሩ ነው፤ ምዕራብ ጎንደር ኩመር ላይም ተጠልለው ነበር። ጋምቤላ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ በደቡብ ሱዳናውያን ተሞልቷል። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመዘዋወር መብትን ስለሚያውቅ ሕጉ ከሱዳን ይሻላል። አሠልጣኝም አላጣንም፤ በሩጫ ከእኛ የተሻለ ሰው ማሠልጠን የሚያውቅ አገር ጥቂት ነው። የሚጎድለው የኦሊምፒክ ኮሚቴያችንና የአትሌቲክስ ፌዴሬሽኑ አንድ አሠልጣኝ፣ የእጅ ሰዓትና የ400 ሜትር መለኪያ ገመድ ይዘው መጠለያ ገብተው የልጆቹን ሰዓት መመዝገባቸው፣ ከዚያም ኮሚቴው ማመልከቻውን በስሙ ፈርሞ መላኩ ነው።