ስኳርና ደም ብዛት ያለበት ሰው ኩላሊቱን መቼ ያስመርምር?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ይስፈን።

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ በር ላይ «ወንድማችን ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል፤ ለእጥበት የምትችሉትን እርዱት» የሚል ጥሪ ያልሰማ ጥቂት ነው። የሚሰጥ ሰው ምንዳውን ከአላህ ያገኛል። ቤተሰቡ ግን እዚያ የሚደርሰው ያለውን ጥሪት ሸጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከእነዚህ ሕሙማን ብዙዎቹ ከዓመታት በፊት በአንድ የሽንት ምርመራ ሊደረስላቸው ይቻል ነበር። በአምቦ፣ በጉደር፣ በጊንጪ፣ በጌዶና በአካባቢው ለምትገኙ ቤተሰቦች የዛሬው መልእክታችን ይኸው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ጡጫ የሚያህሉ ሁለት ኩላሊቶች ሰጥቶናል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ፤ አብዛኛው ወደ ደም ተመልሶ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ያህሉ ብቻ በሽንት ይወጣል። የስኳር በሽታና ደም ብዛት እነዚህን ማጣሪያዎች ቀስ በቀስ ያበላሻሉ።

በአገራችን ወገቡን የወጋው ሁሉ «ኩላሊቴን አመመኝ» ይላል። ስኳርና ደም ብዛት የሚያመጡት ጉዳት ግን ሲጀምር አያምም፤ ሽንትም አያቃጥልም። እግር ሲያብጥ፣ ምግብ ሲያስጠላና ትንፋሽ ሲያጥር ብዙውን ጊዜ አብዛኛው የኩላሊት አቅም አልቋል።

ታዲያ በምን ይታወቃል? ጤነኛ ማጣሪያ አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ሲጎዳ ግን ጥቂት በጥቂት ወደ ሽንት ይሾልካል። ለአንድ ግራም ክሪያቲኒን ከ30 ሚሊ ግራም በታች አልቡሚን ቢገኝ ደህና ነው፤ ከ30 እስከ 300 ከሆነ ጉዳት መጀመሩን ያመለክታል። ሽንት ውስጥ የሚነከረው ወረቀት ይህን ትንሽ መጠን ሊስተው ስለሚችል፣ ልኬቱ የሚሠራበትን ላቦራቶሪ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ትኩሳት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ከባድ የጉልበት ሥራ ውጤቱን ስለሚያዛቡ ምርመራው በሦስት ወር ውስጥ ይደገማል። ሽንት ነጃሳ ቢሆንም ለሕክምና ናሙና መስጠት አያሳፍርም።

ሁለተኛው የደም ክሪያቲኒን ምርመራ ነው። ቁጥሩ ዘግይቶ ስለሚጨምርና በከሲታ ወይም በአረጋዊ ሰው ላይ ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችል ብቻውን አይበቃም። ሁለቱ አብረው ይታያሉ።

በጉልምስና የሚመጣው ስኳር (ዓይነት ሁለት) ያለበት ሰው በሽታው በታወቀበት ዕለት ጀምሮ በየዓመቱ ይመርመር። በልጅነት የሚጀምረውና ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ስኳር ያለበት ከአምስት ዓመት በኋላ ይጀምር። ደም ብዛት ያለበትም አይዘናጋ። በወባማ ቆላ አካባቢ ዘር ባላቸው ቤተሰቦች የሚታየው ሲክል ሴል የተባለው የደም በሽታ ያለበት ልጅ ደግሞ ከ10 ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ሽንቱን ያስመርምር። በዚህ በሽታ የደሙ ክሪያቲኒን ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ኩላሊቱ ደህና ነው ብሎ ያታልላል።

ጉዳቱ በጊዜ ከተደረሰበት ማዘግየት ይቻላል። እንደ ኢናላፕሪል ያሉ መድኃኒቶች የደም ግፊትን ከመቀነስ ሌላ የአልቡሚኑን መሾለክ ይቀንሳሉ፤ ነፍሰ ጡር ግን አትወስዳቸውም። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አታዘውትሩ። ረመዳን ሳይገባ ሐኪም አማክሩ፤ አላህ ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቷልና እርሱን መቀበል ድክመት አይደለም።

በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ኩላሊት ይተክላል። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። ነገር ግን ለጋሽ ዘመድ ይፈልጋል፤ እስኪገኝም በሳምንት ሁለት ሦስቴ መታጠብ ግድ ነው። ሰውነታችን አማና ነው፤ ሰበቡን አድርሰን ውጤቱን ለአላህ እንተው። ዛሬ ማታ በየቤታችሁ ስኳር ወይም ደም ብዛት ያለበትን አባት ወይም እናት «ሽንትዎን መቼ ነው የተመረመሩት?» ብላችሁ ጠይቁ።

አላህ ለሕሙማኖቻችን ሺፋውን ይለግስልን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።