ቤታ ካሮቲን፦ ለዓይን ብርሃንና ለህጻናት ጤና ያለው ጠቀሜታ

ቤታ ካሮቲን ለካሮት፣ ለዱባና ለማንጎ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ መልክ የሚሰጥ የተፈጥሮ ቀለም ነው። በጎመንና በቆስጣም ይገኛል፤ ነገር ግን የቅጠሉ አረንጓዴ ቀለም ስለሚሸፍነው በዓይን አይለይም።

ሰውነታችን ቤታ ካሮቲንን ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ቫይታሚን ኤ ለእይታ፣ ለእድገትና በሽታን ለመቋቋም አስፈላጊ ነው። እጥረቱ ሲከሰት ቀድመው ከሚታዩ ምልክቶች አንዱ ዳፍንት ሲሆን፣ ህጻኑ ቀን በደንብ እያየ ሲመሽ ይደናበራል። በወቅቱ ካልታከመ ዓይኑ ደርቆና ቆስሎ ለዘለቄታው ዓይነ ስውርነት ሊዳረግ ይችላል። እጥረቱ ያለበት ህጻን በኩፍኝ ወይም በተቅማጥ ሲያዝም ሕመሙ ይበልጥ ይጸናበታል።

ቫይታሚን ኤ በቀጥታ የሚገኘው ከጉበት፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። እነዚህን ዘወትር ማግኘት ለማይችሉ ቤተሰቦች እንዲሁም በጾም ወቅት ዋነኛው ምንጭ ከላይ የተጠቀሱት አትክልትና ፍራፍሬ ናቸው።

የአዘገጃጀት ምክሮች

• ቤታ ካሮቲን ወደ ሰውነት በሚገባ የሚሰርገው ከቅባት ጋር ሲበላ ስለሆነ፣ አትክልቱን በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ያዘጋጁ።
• በመጠኑ ያብስሉ፤ ለረጅም ሰዓት ማፍላትም ሆነ በቀጥታ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ይዘቱን ይቀንሰዋል።
• ስኳር ድንች ሲገዙ ወይም ሲተክሉ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ይምረጡ፤ በነጩ ውስጥ ያለው ቤታ ካሮቲን እጅግ አነስተኛ ነው።
• 6 ወር ለሞላው ህጻን ከእናት ጡት ወተት በተጨማሪ በስሎ የላመ ዱባ ወይም ካሮት ከገንፎ ጋር ይስጡ።

ጥንቃቄ

ካሮት አብዝቶ የሚመገብ ሰው መዳፉ ቢጫ ሊመስል ይችላል፤ ይህ ጉዳት የለውም። የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ከሆነ ግን የሌላ በሽታ ምልክት በመሆኑ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከፍተኛ መጠን ያለው የቤታ ካሮቲን እንክብል በሲጋራ አጫሾች ላይ የሳንባ ካንሰር ተጋላጭነትን እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጧል። ነፍሰ ጡር እናቶችም ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ያለ ጤና ባለሙያ ትእዛዝ እንክብሉን መውሰድ የለባቸውም።

አገልግሎቱን ለማግኘት

የተመጣጠነ ምግብ በጤና ተቋም የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ አይተካም። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር የሆኑ ህጻናትን በየ6 ወሩ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ በመውሰድ ቫይታሚኑን እንዲያገኙ ያድርጉ። የዳፍንት ምልክት ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።