በከባድ የአስም ሕመም ጊዜ ቱቦ ሳይገባ የሚሰጥ የመተንፈስ ድጋፍ

አስም በከባድ ሁኔታ የተነሣበት ሰው አየር ማስገባት ያቃተው ይመስላል፤ ዋናው ችግር ግን አየሩን ማስወጣቱ ላይ ነው። የአየር ቧንቧዎች በጡንቻ መኮማተር፣ በእብጠትና በወፍራም አክታ ስለሚጠቡ፣ የገባው አየር ተሟጦ ሳይወጣ ሌላው ይደረብበታል። ደረት ይነፋል፤ ሕመምተኛው እያንዳንዱን ትንፋሽ ለመጀመር በቅድሚያ በውስጡ የታመቀውን ግፊት ማሸነፍ ይኖርበታል። ይህ ለሰዓታት ሲቀጥል የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ። በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ በመተንፈሱ ዝቅ ብሎ የነበረው በደም ውስጥ ያለ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ «ጤነኛ» መጠን ሲመለስ የመሻል ምልክት አድርጎ መውሰድ አደገኛ ስሕተት ነው።

ቢፓፕ የተባለው መሣሪያ ፊት ላይ በጥብቅ በሚገጠም ጭንብል አማካይነት ሁለት ዓይነት ግፊት ይሰጣል። በማስወጫ ጊዜ የሚሰጠው አነስተኛ ግፊት የታመቀውን አየር ተፅዕኖ ያቀልላል፤ በማስገቢያ ጊዜ የሚሰጠው ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ የዛሉትን ጡንቻዎች ያግዛል። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 እና ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ተጀምሮ እንደ ሕመምተኛው ሁኔታ ቀስ በቀስ ይስተካከላል።

ማስረጃው ግን ገና ደካማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በ30 ሕመምተኞች ላይ የታተመ የእስራኤል ሐኪሞች ጥናት የሳንባ ሥራ መሻሻልንና ተኝቶ የመታከም መቀነስን አሳይቷል፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ የተደረጉትም በአብዛኛው ጥቂት ሰዎችን ያካተቱ በመሆናቸው ሞትን ስለመቀነሱ በእርግጠኝነት መናገር አያስችሉም። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመውና በኢትዮጵያ 12 ሆስፒታሎች የተካሄደው የሕፃናት በብል ሲፓፕ ጥናት አበረታች ቢሆንም የተመለከተው ከባድ የሳንባ ምችን ነው፤ ውጤቱን እንዳለ ወደ አስም ማዛወር አይገባም።

በወላይታ ዞን በገሱባ ሌሊት ተረኛ ለሆነ ሐኪም ጥያቄው ሌላ መልክ ይይዛል። ቬንቲሌተር የሚያስፈልገው ሕመምተኛ ወደ ሶዶ መሄድ አለበት፤ ጭንብሉ ቢገኝ እንኳ መንገዱን የሚያዘገይ መሆን የለበትም። ከሁሉ በፊት በ20 ደቂቃ ልዩነት የሚደጋገም ሳልቡታሞል ከኢፕራትሮፒየም ጋር፣ ሳይዘገይ የሚሰጥ ፕሬድኒሶሎን፣ የኦክስጅን ሙሌትን ከ93 እስከ 95 በመቶ የሚያደርስ ኦክስጅን፣ ካልበረደም በ20 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር የሚገባ 2 ግራም ማግኒዝየም ሰልፌት ይቀድማሉ። እነዚህ ባልተሟሉበት ስለ ጭንብል መከራከር ትርፍ የለውም።

ጭንብሉ ከተሞከረ መድኃኒቱ አይቋረጥም፤ ባለሙያም ከአልጋው አጠገብ አይለይም። ራሱን ለሳተ፣ ለሚያስታውክ፣ የደም ግፊቱ ለወደቀ ወይም ሳንባው ተቀዶ አየር በደረቱ ውስጥ ለተጠራቀመበት ሰው አይሰጥም። ጭንብሉን አልቀበልም ብሎ የሚታገለውን ለማረጋጋት ዳያዚፓም መስጠት ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የአተነፋፈሱ ፍጥነት ካልቀነሰ ወይም መፍዘዝ ከጀመረ ቱቦ የማስገባቱ ውሳኔ አይዘገይም።

የመንገዱ ኦክስጅንም አስቀድሞ ይሰላል፦ በደቂቃ 6 ሊትር የሚወስድ ሕመምተኛ በሰዓት 360 ሊትር ይፈጃል። የሲሊንደሩ መለኪያ መነበብ ያለበት አምቡላንሱ ከግቢው ከመውጣቱ በፊት ነው።