ዘግይቶ የሚናገር ቆዳ

በአሜሪካ መደብሮች የሚሸጠውን የጠጉር ቀለም ሣጥን አንሥቶ ጎኑን ላገላበጠ ሰው፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ አንድ ማስጠንቀቂያ ይታየዋል፤ ይኸውም ቀለሙ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ሊያስቆጣ እንደሚችል፣ ከመቀባትም በፊት መፈተን እንደሚገባ፣ ሽፋሽፍትንና ቅንድብን ግን ከቶ እንዳይቀቡበት፣ ቢቀቡበት ዐይን ሊያሳውር እንደሚችል የሚናገር ነው። ብዙ ሰው ይህን ቃል ሳያነብ ሣጥኑን ይጥለዋል። እኔ ግን ታሪኩን ካወቅሁ ወዲህ ባየሁት ቁጥር በመቃብር ደንጊያ ላይ የተቀረጸ ጽሕፈት ይመስለኛል፤ የሰው ብርሃን ጠፍቶበት የተጻፈ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ1933 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በዴይተን ከተማ የምትኖር አንዲት እናት፣ የወላጆችና የመምህራን ማኅበር ባሰናዳው ግብዣ ላይ ለመገኘት አስባ ወደ ውበት ቤት ገባች፤ ቅንድቧን አስነቀለች፣ ሽፋሽፍቷንም «ላሽ ሉር» በሚባል ቀለም አስጠቆረች። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ዐይኗ ይለበልባት ጀመር፤ በነጋታው አብጦ ሊገለጥ አልቻለም፤ ብሌኗም ቆስሎ ማየት ተሳናት። እንደ እርሷ የተጎዱ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ ቢያንስ አንዲቱ ሞታለች። በቀለሙ ውስጥ የነበረው ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ዘር የሚመደብ ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው።

መንግሥት ይህን እያየ ቀለሙን ከገበያ ለማንሣት ሥልጣን አልነበረውም፤ በ1906 የወጣው ሕግ የሚጠብቀው ምግብንና መድኃኒትን ብቻ ስለ ነበረ፣ የውበት ቅባት ከድንጋጌው ውጭ ቀርቶ ነበር። የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሊያደርጉ የቻሉት፣ የተጎዱትን ሰዎች ሥዕልና የዕቃዎቹን ናሙና ሰብስበው ለሕዝብና ለምክር ቤት አባሎች ማሳየት ነበር። ያ ትርኢት «የአሜሪካ የሰቆቃ እልፍኝ» ተባለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ባልደረባ የነበረችው ሩት ዲፎረስት ላምም በዚሁ ስም በ1936 መጽሐፍ አሳተመች። ሐኪም የነበሩት የኒው ዮርኩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሮያል ኮፕላንድ የአዲስ ሕግ ረቂቅ ይዘው ለዓመታት ደከሙ። ዳሩ ግን ምክር ቤቱ ጨርሶ የተነቃነቀው በ1937 መጸው፣ መርዛም ማሟሚያ የገባበት የሰልፋኒላማይድ ሽሮፕ ከመቶ በላይ ሰው ከገደለ በኋላ ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ሕጉን የፈረሙት ሰኔ 25 ቀን 1938 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን፣ አደገኛ የውበት ቅባቶችን የሚመለከተው ክፍል ወዲያው ጸና፤ በመጀመሪያ ከተያዙት ዕቃዎችም አንዱ ላሽ ሉር ነበረ። የጠጉር ቀለም ነጋዴዎች ማስጠንቀቂያውን እስካተሙ ድረስ ቀለማቸው ከእገዳው ነፃ እንዲሆን አስወሰኑ፤ ሽፋሽፍት ግን ከዚህ ነፃነት ውጭ ቀረ። ሣጥኑ ላይ ያለው ቃል የመጣው እንግዲህ ከዚህ ነው።

ሕጉ አምስት ዓመት ዘገየ። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ የቆዳ መዘግየት ነው። ብዙዎቻችን ያልተስማማን ነገር በነካን ጊዜ ሰውነታችን ወዲያው የሚጮኽ ይመስለናል፤ የንክኪ አለርጂ ባሕርይ ግን እንዲህ አይደለም። ረቂቁ ንጥረ ነገር ወደ ቆዳው ዘልቆ ሲገባ፣ የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት መጀመሪያ መልኩን ያጠኑታል እንጂ አይዋጉትም፤ ካወቁት በኋላ ዳግመኛ ሲመጣ ይነሡበታል፤ ያም ቢሆን ማሳከኩና ማበጡ የሚታየው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን፣ አንዳንዴም ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ለዓመታት ያለ ችግር ስትጠቀምበት የኖረችው ነገር አንድ ቀን ሊጣላት ይችላል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሱዳን ሙሽራን ለማስጌጥ የሚቀባው ጥቁር ሂና፣ እንዲጠቁር ያው ፓራፌኒሊንዲያሚን ስለሚጨመርበት፣ ያንን ተቀብታ ቆዳዋ ያወቀው ሴት በኋላ የጠጉር ቀለም ሲነካት ክፉኛ ትታመማለች።

ችፌ ያለበት ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ መጠንቀቅ አለበት። የዐይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ የሳሳ፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ የማይበልጥ ነው፤ በስኮትላንድ የዳንዲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2006 እንዳስታወቁት፣ ችፌ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ፊላግሪን የሚባለውን የቆዳ ቅጥር የሚያጠነክር ፕሮቲን በሚገባ እንዳይሠሩ የሚያደርግ ጕድለት በዘራቸው አለ። ቅጥሩ በሳሳበት ስፍራ ቀለምም ሌላም ነገር በቀላሉ ይገባል።

ዛሬ ደግሞ ሽፋሽፍት ይቀጠላል፤ የሚቀጠልበት ሙጫ ሳያኖአክሪሌት ነው፤ ሱፐር ግሉ ከምንለው ጋር አንድ ወገን ነው። የውበት ቤት ሠራተኛዋ በትንሽ ደንጊያ ላይ ጠብታ ታስቀምጥና ቅጥሉን በወረንጦ ይዛ ጫፉን ነክራ፣ ከቆቡ ጥቂት ራቅ አድርጋ በደንበኛዋ የተፈጥሮ ሽፋሽፍት ላይ ታጣብቀዋለች፤ ሙጫው ከአየሩ እርጥበት ሲያገኝ ይደርቃል፤ እስኪደርቅ ድረስ ግን እንፋሎቱ ወደ ዐይን ይገባል። ሽፋሽፍትን ወደ ላይ ማቈልመሚያው መድኃኒት ደግሞ ብዙ ጊዜ ታዮግላይኮሊክ አሲድ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ለሽፋሽፍት እስከ 11 በመቶ ብቻ፣ ያውም በባለሙያ እጅ፣ ይፈቅደዋል።

ባለፈው ዓመት በአሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ልትዳር ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ በክርኗና በዐይን ቆቧ ላይ ችፌ የሚነሣባት ልጅ ናት፤ ሽፋሽፍት ልታስቀጥል ማሰቧን ስትነግረኝ፣ ሙጫው ከጆሮዋ ጀርባ እንዲፈተንላት አጥብቄ ነገርኋት። የውበት ቤቱ ሠራተኛ ፈተነቻት፤ በማግስቱም ምንም የለም፣ አልፈሻል አለቻት። ልጅቱም «ጋሼ፣ ምንም አላደረገኝም» ብላ ደወለችልኝ፤ «ሦስት ቀን ጠብቂ፣ የኔ ልጅ» አልኋት።

ይህን ምክር ያገኘሁት ከቆዳ ሐኪም ነው። ሐኪሞቹ ራሳቸው አለርጂን ሲፈትኑ፣ ንጥረ ነገሮቹን በጀርባ ላይ ለጥፈው ሁለት ቀን ያቆያሉ፤ ከዚያም አንሥተው ካዩ በኋላ እንደገና በአራተኛው ቀን ገደማ ያያሉ። የአንድ ቀን ፈተና የዘገየውን መልስ ያመልጠዋል። ችፌው በነቃበት ወራት ጭራሽ አለመሞከር ይሻላል፤ የሠራተኛዋም ክፍል አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት። ካስቀጠሉም በኋላ ቆቡን በየዕለቱ በለስላሳ ማጠቢያ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ቅጥሉ እንዳይረግፍ ፈርተው የማያጥቡ ሴቶች የቆብ ጠርዝ ብግነት ያገኛቸዋል። ለችፌ ዱፒሉማብ የሚባለውን መርፌ የሚወጉም ይህን ይወቁ፤ መድኃኒቱ ራሱ በአንዳንዱ ሰው ዐይንን ያቀላል። ለሌላው አካል የታዘዘ የስቴሮይድ ቅባትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ወደ ዐይን ቆብ ማምጣት ግላኮማና የዐይን ሞራ ሊያመጣ ይችላልና ከዚህ እጅን መሰብሰብ ይገባል። ሕመም ሲበረታ፣ ብርሃን ሲከብድ ወይም እይታ ሲደበዝዝ ዛሬ ነገ ሳይሉ ወደ ዐይን ሐኪም መሄድ ነው።

ሕጉም ከ1938ቱ አዋጅ ወዲህ ገና ዘግይቶ ነው የመጣው። የአሜሪካ መንግሥት ጎጂ የውበት ዕቃ ከገበያ እንዲመለስ የማዘዝ ሥልጣን ያገኘው፣ አምራቾችም ብርቱ ጉዳት ሲደርስ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያሳውቁ የተገደዱት፣ በ2022 ታኅሣሥ መጨረሻ በጸደቀው አዋጅ ነው፤ ከ1938 እስከዚያ 84 ዓመት አለፈ። ሆኖም የሙጫ ጠርሙስ ከባሕር ማዶ በፖስታ በሚመጣበት ዘመን፣ በየእልፍኙ የሚሠራውን ሁሉ ሕግ አይደርስበትም።

ልጅቱ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደወለችልኝ። ከጆሮዋ ጀርባ ያለው ቆዳ ቀልቶ ነበር፤ ውሃ የቋጠሩ ደቃቅ ነጠብጣቦችም ወጥተውበታል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክካት አድሯል። በሠርጓ ዕለት በለብ ያለ ውሃ የሚለቅ ማስካራ ብቻ ተቀብታ፣ ዐይኗ ንጹሕ ሆኖ፣ ከእናቷ ጋር እያለቀሰች ከቤት ወጣች።