የቁርጠት ኪኒን በግራና፦ የሚያስታግሰውና የሚደብቀው

ግራና ቆላ ነው። በሰሜን ወሎ ዞን ሀብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ፣ ስሙ ከቆቦ ጋር ተጣምሮ «የቆቦ ግራና ሸለቆ» እየተባለ በመስኖ ልማት የሚነሳ አካባቢ ነው። ውሃ የሚያገኝ ቆላ በረከቱ ብዙ ነው፤ የሆድ በሽታውም እንደዚያው። አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ወስፋትና ታይፎይድ ከተበከለ ውሃና በደንብ ካልታጠበ አትክልት ጋር ወደ ሰው ይገባሉ። ጨጓራ ደግሞ ደጋ ቆላ ሳይል የሁሉም ሆኗል። በወረዳው ጃራ በተባለው ቦታ ተጠልለው ለዓመታት የቆዩት ተፈናቃዮች ችግርም ሲጨመርበት፣ የንጹሕ ውሃና የመጸዳጃ ጉዳይ ምን ያህል ከሆድ ጤና ጋር እንደተቆራኘ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከእነዚህ በሽታዎች የሚበዙት መምጣታቸውን የሚያስታውቁት በቁርጠት ነው።

ቁርጠት የያዘው ሰው መጀመሪያ ቤት ያፈራውን ይሞክራል። ጤና አዳም ቡና ላይ ይጨመራል፣ ፌጦ ይበጠበጣል፣ አብሽ ይጠጣል። አልተወውም ሲል ወደ መድኃኒት ቤት ይሄዳል። «ዶክተር፣ ሆዴን ቆርጦ ይዞኛል፤ የሚያስታግስ ነገር ስጠኝ» ይላል። ከባንኮኒው ጀርባ የቆመው ሰው ፋርማሲስት ሊሆን ይችላል፣ ድራጊስት ሊሆን ይችላል፣ ባለቤቱ ምሳ ሲሄድ የተካው ዘመድም ሊሆን ይችላል። በአገራችን ትናንሽ ከተሞች የተለመደው ቀጣዩ ሥራ የደቂቃ ነው። አሥር ፍሬ ከያዘው ማሸጊያ አራቱ ወይም ስድስቱ በመቀስ ይቆረጣሉ፣ በትንሽ ወረቀት ይጠቀለላሉ፣ በላዩ ላይ «1×3»፣ ማለትም አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ተብሎ ይጻፍበታል። የመድኃኒቱ ስምና የአገልግሎት ዘመኑ የሚያበቃበት ቀን ባንኮኒው ላይ በቀረው ቁራጭ ላይ ይቀራሉ። ገዢው ምን እንደዋጠ ሳያውቅ ይሄዳል። ነገ ሌላ ሐኪም ቢጠይቀው የሚመልሰው «ነጭ ኪኒን ነው የሰጡኝ» ብሎ ብቻ ነው።

ያ ኪኒን ብዙውን ጊዜ ሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ ነው። ሰው የሚያውቀው ቡስኮፓን በሚለው የንግድ ስሙ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው የጀርመኑ ቦሪንገር ኢንግልሃይም ኩባንያ ነው። የዘር ግንዱን የግራና ገበሬ ሳያውቀው ያውቀዋል። በማሳ ዳርና በቆሻሻ መጣያ አካባቢ የሚበቅለው አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ ስኮፖላሚንና አትሮፒን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። ፍሬውን የቀመሰ ልጅ አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ ይፈጥናል፣ ይቃዣል። የመድኃኒት ሊቃውንት ከዚሁ ከስኮፖላሚን ተነሥተው፣ ወደ አንጎል በቀላሉ እንዳይዘልቅ ቅርጹን ለውጠው የሠሩት ነው የቁርጠት ኪኒኑ። ስለዚህ በተለመደው መጠን ሰውን አያስቃዥም። የባሕርዩ ሥር ግን ያው ነው።

እዚህ ላይ ባለሙያውም ሕመምተኛውም ሊጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ሃዮሲን በሚል ስም ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ይገኛሉ። አንዱ ቡቲልብሮማይድ ነው፣ ለሆድ። ሌላው ሃይድሮብሮማይድ ነው፤ ይህኛው ወደ አንጎል ይገባል፣ ያደነዝዛል፣ መጠኑም እጅግ ያነሰ ነው። ሰው «ሃዮሲን» ብቻ ብሎ ቢጠይቅና ሻጩም «ሃዮሲን» ብቻ አንብቦ ቢሰጥ ሊደርስ የሚችለውን መገመት ይቻላል። ሙሉ ስሙ የተጻፈበት ማሸጊያ ከሕመምተኛው ጋር ይሂድ የምለው ለዚህ ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። አንጀት ምግብን የሚገፋው እየተኮማተረና እየላላ ነው። የመኮማተሩን ትእዛዝ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ሃዮሲን የዚህን መልእክት መቀበያ ይዘጋል፤ ጡንቻው ይላላል፤ ቁርጠቱ ይረግባል። አሜባውን አይገድልም፣ ወስፋቱን አያስወጣም፣ የጨጓራ ቁስሉን አያድንም። የተኮማተረውን ማላላት ብቻ ነው ሥራው። በተገቢው ቦታ ሲሰጥ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ በሕይወታቸው መጨረሻ ለሚሠቃዩ ሕሙማን ማስታገሻ አድርጎ አስገብቶታል። እኔም መድኃኒቱን ለመክሰስ አልጻፍኩም። የሚያሳስበኝ ሰዓት መደበቁ ነው።

የሆድ ሕመም ሰዓት አለው። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ ሕመሙ በእንብርት ዙሪያ ይጀምርና ቆይቶ ወደ ቀኝ ታችኛው ሆድ ይወርዳል። በጊዜ ካልተደረሰበት ይፈነዳል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተሠሩ የቀዶ ሕክምና ጥናቶች ደግሞ የአንጀት መጠምዘዝን ከአንጀት መዘጋት ዋነኛ ምክንያቶች እንደ አንዱ ደጋግመው ያነሡታል። አንጀቱ በራሱ ላይ ሲዞር የደም ሥሩም አብሮ ይታነቃል፤ ከሰዓታት በኋላ ሥጋው ይሞታል። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት በድንገት ታችኛው ሆዷን ቢቆርጣት ከማህፀን ውጪ የተፈጠረ እርግዝና ፈንድቶ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ላይ የቁርጠት ኪኒን የዋጠ ሰው ትንሽ ይቀለዋል፣ ወይም የቀለለው ይመስለዋል፣ ተኝቶ ያድራል። ከግራና ተነሥቶ መርሳ፣ ከመርሳ ወልዲያ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ለመድረስ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚያች ሌሊት ይባክናል። አንጀት በተዘጋበት ወይም ሥራውን ባቆመበት ሰው ላይ ደግሞ መድኃኒቱ ከመደበቅ አልፎ በቀጥታ ይጎዳል፤ የቆመውን አንጀት ይበልጥ ያቆመዋል።

ስለዚህ ሆዱ የነፋ፣ የሚያስመልሰው፣ ሰገራና ፈስ የከለከለው፣ ትኩሳት የያዘው፣ ሰገራው ደም የተቀላቀለበት ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ፣ ራሱን የሚያዞረው፣ ወይም ሕመሙ ከሰዓት ወደ ሰዓት የሚጠነክርበት ሰው መሄድ ያለበት ወደ ጤና ተቋም ነው እንጂ ወደ መድኃኒት ቤት አይደለም።

ቁርጠቱ በእርግጥ ተራ ቁርጠት ሆኖም እንኳ ኪኒኑ ለሁሉም አይሆንም። አሴቲልኮሊን የሚያዘው አንጀትን ብቻ አይደለምና፤ ምራቅን፣ ላብን፣ የሽንት ፊኛን፣ የዓይን ብሌንንና የልብ ምትንም ያዛል። መድኃኒቱ ሲዘጋው ሁሉም ይነካሉ። ፕሮስቴታቸው ያበጠ አባት ማታ ሁለት ፍሬ ውጠው ጠዋት ሽንታቸው እንቢ ሊላቸው ይችላል። ግላኮማ በተባለው የዓይን ግፊት በሽታ፣ በተለይም ጠባብ ማዕዘን ባለው ዓይነት የሚሠቃይ ሰው ዓይኑን ለድንገተኛ አደጋ ያጋልጣል። ማያስቴኒያ ግራቪስ የተባለ የጡንቻ መድከም ሕመም ያለበት ሰውም ጨርሶ መውሰድ የለበትም። ልቡን የሚያመው ሰው ከሁሉ በላይ የዚህኑ መድኃኒት መርፌ ይፍራ። የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የሃዮሲን ቡቲልብሮማይድ መርፌ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በእኛ አገር «መርፌ ካልተወጋሁ አይለቀኝም» የሚል ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ከለንደን ይልቅ ለግራናና ለመርሳ የቀረበ ይመስለኛል። እነዚህን ሁሉ ባንኮኒ ላይ ለማጣራት የሚያስፈልገው ጥቂት ጥያቄ ነው፦ «አባባ፣ ለመሽናት ይቸገራሉ? ልብዎንስ ያምዎታል? የዓይን ግፊት ወይም የጡንቻ መድከም ሕመምስ አለብዎት?»

ከማሸጊያው ውስጥ የሚገኘው የመመሪያ ወረቀት የማያውቀው የአካባቢው ኑሮም አለ። መጀመሪያ ሙቀቱ። መድኃኒቱ ላብን ይቀንሳል፤ ቆላ ላይ በቀትር ማሽላ የሚያርም ሰው ደግሞ ሰውነቱን የሚያበርድበት ዋናው መንገድ ላቡ ነው። ላብ ሲቀር ሙቀቱ ውስጥ ይቀራል። ኪኒኑን የወሰደ ሰው በዚያ ቀን ጥላ መፈለግና ውሃ አዘውትሮ መጠጣት አለበት። ከዚያ ጫት። ጫት ራሱ ልብን ያፈጥናል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሽንት ያዘገያል። የቁርጠት ኪኒኑም እነዚህኑ ሦስቱን ሊያደርግ ይችላል። ኪኒን ውጦ መቃም በልብ ላይ ልብ፣ በድርቀት ላይ ድርቀት መደረብ ነው። ባጃጅ ወይም ሞተር የሚነዳ ሰው ዓይኑ ብዥ ካለበት ማቆም አለበት። በረመዳን የሚጾም ሕመምተኛ የቀኑን ፍሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማፍጠሪያ ሰዓት ማጠራቀም የለበትም፤ ለባለሙያው ጾመኛ መሆኑን ይንገርና አወሳሰዱ ይስተካከልለት። ለዐቢይ ጾምም እንደዚያው።

መጠኑ ብዙም የሚያደናግር አይደለም። አንዱ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊግራም ነው። ለአዋቂ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይታዘዛል፤ በብሪታንያ መመሪያ መሠረት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ80 ሚሊግራም፣ ማለትም ከስምንት ፍሬ መብለጥ የለበትም። ሳይታኘክ በውሃ ይዋጣል። አንድ ጊዜ የረሳ ሰው ቀጣዩን አያጥፍም። «1×3» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ለስንት ቀን እንደሆነና ካልተሻለ መቼ ተመልሶ መምጣት እንዳለበት አይናገርም። የቁርጠት ኪኒን ለሳምንታት የሚዋጥ ሰው ካለ በሽታው አልታወቀለትም ማለት ነው።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ያለው ግንኙነት ሌላው ጣጣ ነው። ለጉንፋን የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ክሎርፕሮማዚን ከሱ ጋር ሲደረቡ ድርቀቱና የልብ ፍጥነቱ ይበረታል። ማስመለስ ለማቆም የሚሰጠው ፕላዚል ደግሞ አንጀትን የሚያነቃቃ ስለሆነ ሁለቱ እርስ በርስ ይሻራሉ። ሃዮሲን ከፓራሲታሞል ጋር ተደባልቆ የሚመረትም አለ፤ ይህን ሳያውቅ በላዩ ፓራሲታሞል የሚጨምር ሰው ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል።

ሕፃናትን በተመለከተ አጭር ነው የምለው። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የቁርጠት መድኃኒት ብሎ ነገር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ኦአርኤስና ዚንክ፣ ጡት፣ ከዚያም ጤና ጣቢያ ነው። ዳይሳይክሎሚን የተባለው ሌላው ፀረ ቁርጠት ከስድስት ወር በታች ላሉ ሕፃናት የተከለከለ ነው። ትንፋሽ ማቆም፣ መንቀጥቀጥና ሞት አስከትሏልና።

ሕጉማ አለ። የመድኃኒት ቁጥጥር በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 176፣ በ2002 በአዋጅ ቁጥር 661፣ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1112 ተደንግጓል። በሃያ ዓመት ሦስት አዋጅ። በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ያለ ማዘዣ መሸጥ ግን አሁንም የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ጥፋቱን በገበሬው ላይ የሚጥሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር አንዱ የጎረቤት ደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ነበር፤ ዛሬ ብዙ የወሎ ገበሬ መዋጮውን ከፍሎ ደብተር ይዟል። ደብተር ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ተሰልፎ፣ ተመርምሮ፣ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጪ ግዛ» የተባለ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሰልፉን ትቶ በቀጥታ ወደ ውጪው መድኃኒት ቤት ቢሄድ ምን ይፈረድበታል?

ያ እጦት ደግሞ ታሪክ አለው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢው በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር በቆዩበት ጊዜ የወልዲያ ሆስፒታልን ጨምሮ የአካባቢው ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ላቦራቶሪ የሌለው ጤና ጣቢያ ሰገራ አይመረምርም፤ ሰገራ ካልተመረመረ አሜባው ከወስፋቱ አይለይም፤ ካልተለየ የሚቀረው ማስታገሻ ነው። የተዘረፈው ገና ሳይሟላ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገዱን አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፍት መድኃኒት ከደሴ መጋዘን ወደ ወረዳ መድረሱም፣ ሕመምተኛ በሌሊት ወደ ወልዲያ መላኩም ከበፊቱ ከብዷል። ኪኒኑ ባዶውን ቦታ የሞላው በዚህ መሃል ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ መጀመሪያ የሚቀርበው ለወረዳና ለዞን ጤና ኃላፊዎች ነው። መድን የከፈለ ሰው ጤና ጣቢያው ውስጥ የሰገራ ምርመራና የተለመዱትን የሆድ መድኃኒቶች እንዲያገኝ አድርጉ፤ ያለዚያ ስለ ማዘዣ የሚሰጠው ትምህርት ሰሚ አያገኝም። ለመድኃኒት ቤቶች፦ ማሸጊያውን ስትቆርጡ ስሙና ቀኑ ያለበትን ወገን ለገዢው ስጡ፤ ስለ ልቡ፣ ስለ ሽንቱ፣ ስለ ዓይኑ፣ ሴት ከሆነች ስለ እርግዝናዋ ሳትጠይቁ ይህን ኪኒን አትስጡ። ለአንባቢው፦ ቤት ያለውን የቁርጠት ኪኒን ዛሬ አውጥተህ እይ። ስም ከሌለው ወይም ቀኑ ካለፈ ለማንም አትስጠው። ወስደኸው ልብህ ከፈጠነ፣ ሽንትህ ከተያዘ ወይም ዓይንህን ካመመህ አቁመህ ወደ ጤና ተቋም ሂድ፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲህ ያለውን ጉዳት በነፃ የስልክ መስመር 8482 ይቀበላል።